ከእቅድ በላይ የተፈጸመው ጎነ ሦስት

ጎነ ሦስት የሚባለው ነገር ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለ አንዳች መሻሻል እንደኖረ የታወቀ ነው። ጥንትም ሦስት ጎን፣ ዛሬም ሦስት ጎን። ስንት ሊቅ መጣ፣ ስንት ሊቅ ሄደ፤ ሁሉም ስፋቱን ሲለካና ማዕዘኑን ሲደምር ኖሮ፣ እንዳገኘው ትቶት ሄደ። ይህን ባለበት ተገትሮ የቀረ ነገር አንድ እርምጃ ወደፊት ለማራመድ የበቃው፣ ከገሳይ ከተማ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ በሚገባው ጥርጊያ መንገድ ዳር ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አንጠራም። ትሕትናው አይፈቅድለትም።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አቶ ጓንጉል ትልቅ ሰው ናቸው። ይህን የሚጠራጠር ካለ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ያልሰማቸው ነው። "በመሆኑም" ብለው ይነሳሉ፣ "ከዚህ አኳያ" ብለው ይቀመጣሉ። በሁለቱ መሀል ምን እንዳሉ የሚያስታውስ ሰው እስካሁን ባይገኝም፣ ጭብጨባው ጎድሎባቸው አያውቅም።

በዚሁ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍልን ጂኦሜትሪ የምታስተምር ጀሚላ የምትባል መምህርት አለች። ጀሚላ አንድ ክፉ ልማድ ነበረባት፤ ተማሪዎቿ እንዲገባቸው ትፈልጋለች። ሰሌዳ ላይ የሳለችውን ጎነ ሦስት ስፋት አስልተው የሚያወጡ ልጆች፣ እናታቸው ድንች የተከለችበትን ጓሮ ስፋት ስትጠይቃቸው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ይህ ከነከናትና፣ በግቢው ውስጥ ጎኖቹ ሃያ፣ ሠላሳና አርባ ሜትር የሆኑ አንድ ጎነ ሦስት የአበባ መደብ ይሠራ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ልጆቹ ጎኑን በገመድ ይለካሉ፣ ማዕዘኑን ይለካሉ፣ ስፋቱን ያሰላሉ፣ አበባም ይተክላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ ጥሩ ስለነበረ እቅድ ውስጥ ገባ።

ጀሚላ በዚያን ሰሞን ልቧ ያለው ግን ደብረ ታቦር ነበር። ባሏ የሱፍ እዚያ ጨርቅ ይነግዳል። ሁለት ዓመት የሞላት ልጃቸው ሂክማም ከአያቷ ጋር እዚያው ናት። ከትምህርት ቤቱ አካባቢ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ሲገኝ ይገኛል፣ ሳይገኝ ይቀራል፤ እናት ልጇን የምታየው መኪናው ሲፈቅድ ነው። አሁን ደብረ ታቦር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሒሳብ መምህር ቦታ ተከፈተ። ለዝውውሩ መጀመሪያ የአቶ ጓንጉል ፊርማ፣ ከዚያም የበላይ አካል ይሁንታ ያስፈልጋል። ጀሚላ ማመልከቻዋን አቶ ጓንጉል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በየቀኑ ሄዳ ታየዋለች፤ ማመልከቻው ደህና ነው፣ እንደተኛ ነው።

አቶ ጓንጉል ለአፈጻጸም ግምገማ ደብረ ታቦር የወረዱት በዚህ መሀል ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያው ርእሰ መምህር ተነስተው አንድ መጸዳጃ ቤት ለመሥራት አቅደው መቶ ሃያ በመቶ መሥራታቸውን ገለጹ። ተጨበጨበ። ሁለተኛው መቶ ችግኝ ተክለው መቶ ሠላሳው እንደጸደቀላቸው አስረዱ። ይበልጥ ተጨበጨበ። አቶ ጓንጉል በእጃቸው የያዙት የአበባ መደቡ መቶ በመቶ ብቻ ነበር፤ ያውም ችካል እንጂ ገና ድንጋይ ያልተቀመጠበት። ባዶ እጁን ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ተሸማቀቁ። ተራቸው ሲደርስ ተነሱ፤ "በመሆኑም" አሉ፤ ሃያው ሜትር መቶ በመቶ፣ ሠላሳው ሜትር መቶ በመቶ፣ አርባው ሜትር ግን መላው የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ ባደረገው ርብርብ መቶ ሃምሳ በመቶ ተፈጽሞ ስድሳ ሜትር መድረሱን አበሰሩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የመድረኩ ሰብሳቢ፣ የዞኑ ትምህርት ኃላፊ ወይዘሮ ፈንታነሽም "ይህንንማ መጥተን በዓይናችን ማየት አለብን" ብለው በማስታወሻቸው ያዙት።

አቶ ጓንጉል ሲመለሱ ጀሚላን አስጠሩ።

"አርባው ስድሳ ሆኗል" አሏት።

"የቱ አርባ?"

"የጎነ ሦስትሽ አርባ። መቶ ሃምሳ በመቶ ፈጽመነዋል።"

ጀሚላ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። አቶ ጓንጉል አልሳቁም።

"ጋሼ፣ ስድሳ ከሆነ እኮ አይዘጋም" አለች።

"ጎነ ሦስት ስንት ጎን ነው ያለው?"

"ሦስት።"

"እኛ ስንት አለን?"

"ሦስት።"

"ታዲያ ምን ጎደለን?"

"ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ሲደመሩ ከረጅሙ መብለጥ አለባቸው። ሃያና ሠላሳ ሃምሳ ነው። ስድሳ ላይ አይደርሱም።"

"መብለጥ አለባቸው ያለው ማነው?"

"ማንም አላለም። እንደዚያ ነው።"

"መመሪያ ወርዶበታል?"

"አልወረደም።"

"ስለዚህ የሚከለክለን ነገር የለም ማለት ነው።"

ጀሚላ ተስፋ አልቆረጠችም፤ መምህርት ናትና በምሳሌ ልታስረዳ ሞከረች። "ከዚህ ቢሮ ተነስተን እስከ ግቢው በር እርስዎ በቀጥታ ቢሄዱ፣ እኔ ደግሞ በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ዞሬ ብመጣ፣ ማናችን ነን ብዙ መንገድ የሄድነው?"

አቶ ጓንጉል "እሱ እንደ ሰውየው ነው። እኔን መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ብዙ ነው" አሉ።

"እሺ፣ ሁሉንም እኩል እናሳድጋቸው። ሠላሳ፣ አርባ አምስትና ስድሳ ቢሆኑ ያለ ችግር ይዘጋል።"

"ሃያውንና ሠላሳውን መቶ በመቶ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። አሁን ብቀይራቸው እኮ የዋሸሁ ይመስላል" አሉና ማመልከቻዋን ከተኛበት አንስተው አሳዩዋት። "እኔ ላንቺ ክፋት የለኝም፤ ልጅ እንዳለሽም አውቃለሁ። እንግዶቹ ሲመጡ ጎነ ሦስቱ ተዘግቶ ይገኝ፤ የዚያኑ ዕለት ፈርሜ በእጃቸው እሰጥልሻለሁ። ካልተዘጋ ግን እንዳትጠይቂኝ።"

ነገሩ በአንድ ሰው ትከሻ የሚወድቅ ስላልሆነ የጎነ ሦስት ማስፈጸሚያ ኮሚቴ ተዋቀረ። ሰብሳቢው አቶ ጓንጉል ሆኑ። ምክትሉ የሥነ ዜጋው መምህር ሙሉሰው ሆነ፤ ሙሉሰው ጂኦሜትሪ አያውቅም፣ ነገር ግን በማንኛውም ኮሚቴ ውስጥ ምክትል ነው። ገመድ ያዥ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አያ ማሩ ሆኑ፤ በአገሩ ወንድማማች መሬት ሲካፈል ገመድ የሚይዙት፣ ሲጣላም የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸውና። ጀሚላ ሒሳቡን ስለምታውቅ ያለ ድምፅ ትሳተፍ ተባለ።

ኮሚቴው በማለዳ፣ የጉና ተራራ ብርድ ጆሮ እየቆረጠ፣ ሜዳ ወጣ። ስድሳው ሜትር መሬት ላይ ተዘረጋና ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ችካል ተመታ። ከአንዱ ጫፍ ሃያው ሜትር፣ ከሌላው ጫፍ ሠላሳው ሜትር ተወጠሩ። አልተገናኙም። ጀሚላ ሁለቱንም በስድሳው ላይ አስተኝታ አሳየቻቸው፤ ተጋድመውም እንኳ በመሀላቸው አሥር ሜትር ባዶ መሬት ይቀራል።

አያ ማሩ ገመዱን በጣታቸው ዳሰሱና "ጤዛ ነው" አሉ። "ገመድ ሲርስ ይሰበሰባል። ፀሐይ ይምታው።"

ፀሐይ መታው። አሥሩ ሜትር ንቅንቅ አላለም።

"ችግሩ የአመለካከት ነው" አለ ሙሉሰው ወደ ጀሚላ እያየ። "አይዘጋም ብለን ስለወጣን አልተዘጋም። በቀና መንፈስ እንደገና ይዘርጋ።"

በቀና መንፈስ እንደገና ተዘረጋ። በቀና መንፈስም አሥር ሜትር ነው።

አያ ማሩ ይሄኔ ነገሩን እንደ ርስት ክርክር አዩት። ጋቢያቸውን አስተካክለው በሦስቱ ገመዶች መሀል ቆሙና ለሽምግልና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መቼም ሁሉም የእኔ ይብለጥ ካለ ስምምነት የለም። ረጅሙ አንድ ስምንት ሜትር ይተው፤ እነዚህ ትንንሾቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ይጨምሩ። ከዚያ ቂም አይኖርም።"

"ረጅሙ አይተውም" አሉ አቶ ጓንጉል። "ረጅሙ የተጨበጨበለት ነው።"

"እንዲህ ድርቅ የሚል ከሆነስ እኔ ምን አደርጋለሁ" አሉ አያ ማሩ፤ ስድሳውን ሜትር ቅር ብሏቸው እያዩት።

ቦታ ቢቀየርስ ተባለና ገመዱ ወደ ኳስ ሜዳው ተዛወረ። ኳስ ሜዳውም ያው ሆነ። ከአጫጭሮቹ እንጀምር ተባለ። ሃያውና ሠላሳው ተጋጥመው በሰላም ቆሙ፤ ስድሳው ግን የሠላሳውን ጫፍ አልፎ ሜዳውን ተያያዘው። አቶ ጓንጉል ፊታቸው በራ። "አያችሁ፤ ከእቅድ በላይ ማለት ይኼ ነው" አሉ። በቃለ ጉባኤውም ላይ በጎኖቹ መካከል መጠነኛ የቅንጅት ጉድለት መታየቱ፣ ሆኖም በረጅሙ ጎን በኩል የሚበረታታ ተነሳሽነት መኖሩ ሰፈረ።

ለእንግዶቹ የሚነገር ስፋትም ያስፈልግ ነበር። ጀሚላ የሦስቱን ጎኖች ርዝመት ይዞ ስፋት በሚያወጣው ቀመር አሰላችውና ወረቀቱን ይዛ ቢሮ ገባች።

"ከስኩዌር ሩቱ ሥር ኔጋቲቭ ቁጥር ወጣ" አለች። "ሒሳቡ ራሱ እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት የለም እያለ ነው።"

"የቷ ናት ኔጋቲቭዋ?"

"ይህቺ ሰረዝ።"

አቶ ጓንጉል እስክሪብቶ አንስተው ሰረዟን አጠፏት። "አሁንስ?"

"አሁንማ አራት መቶ ዘጠና ካሬ ሜትር ይመጣል። ግን እኮ..."

"በአርባው ቢሆን ስንት ነበር?"

"ሁለት መቶ ዘጠና።"

አቶ ጓንጉል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። መቶ ስድሳ ዘጠኝ በመቶ ነው፤ ያውም በሰረዝ መሰረዝ ብቻ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት። ደስታቸውን የቀነሰባቸው አንድ ነገር ቢኖር የማዕዘኖቹ ድምር ነው። "ጎኑ ሲያድግ፣ ስፋቱ ሲያድግ፣ ማዕዘኑ እዚያው መቶ ሰማንያ ላይ የቆመው ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቋት። ጀሚላ ይህ ከእሷ ክፍል የመጣ ድክመት መሆኑ ተነግሯት ወጣች።

ቅዳሜ መኪና ተገኘና ደብረ ታቦር ወረደች። ባሏ የሱፍ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ነበር። ሂክማ የአያቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላ ተሸሽጋ ታያታለች።

"ሂክማዬ፣ ማናት ይህቺ?" አለቻት አያቷ።

ሂክማ አሰበች። "እንግዳ" አለች።

ሁሉም ሳቁ፤ ጀሚላም አብራ ሳቀች። ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ልጇ ማታ እቅፏ ውስጥ አልተኛም አለች፤ ወደ አያቷ ሄደች።

"ዝጊላቸዋ" አላት የሱፍ። "ምን ቸገረሽ? መሬቱ ያንቺ አይደለም።"

"አይዘጋም ስልህ። ወላሂ አይዘጋም።"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ልጅቷ እንዳትረሳሽ።"

በመመለሻዋ መኪናው ዳገቱን ሲወጣ እንደ ልማዱ ይጠማዘዛል። ጀሚላ በመስኮት ስታይ ቅድም ያለፉት ቤት ከጎኗ፣ እዚያው አፍንጫዋ ሥር አለ። ወፍ ብትሆን ስንቱን መንገድ ሳትሄደው ትደርስ ነበር። ይሄኔ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ስድሳ ሜትር ድንጋይ ተጠማዝዞ ቢደረደር፣ ጫፍና ጫፉ አርባ አምስት ሜትር ብቻ ይራራቃል፤ ሃያውና ሠላሳው እዚያ ላይ ያለ ምንም ችግር ይገናኛሉ። ስድሳውም ስድሳ ነው፣ ቢለካ አያጎድልም። እርግጥ የጎነ ሦስት ጎን ቀጥ ያለ መስመር መሆኑን ልጆቹን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ሐሳቡን ጠላችው፤ ግን አልጣለችውም።

በማግስቱ ለአቶ ጓንጉል ነገረቻቸው። እሳቸው "መጀመሪያውኑ እንዲህ አትይም ነበር?" ብለው ተቆጧት። ሙሉሰው አመለካከቷ በመስተካከሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። አያ ማሩም "ጎሽ ልጄ፣ እምቢ ያለውን አጎነበስሽው" ብለው መረቋት።

ልጆቹ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ተሸክመው ደረደሩ። ማስተዋል የምትባል ተማሪ ድንጋይዋን እንደታቀፈች ቆማ ያን ጠመዝማዛ ስታይ ቆየች።

"ቲቸር፣ የጎነ ሦስት ጎን ቀጥ ያለ ነው ብለውን አልነበረም?"

"ብያለሁ።"

"ይሄ እኮ ጠማማ ነው።"

ጀሚላ አፈረች። ከገመዱ ጋር የምትሠራው ያላት አስመስላ ጎንበስ አለች።

"ድንጋይሽን አስቀምጪ፣ ማስተዋል" አለቻት።

ማስተዋል ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ተወች። ይህም በጎ ነገር ነው፤ የትምህርት ጊዜ ይቆጥባል።

እንግዶቹ መጡ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው ጎነ ሦስቱን ዞሩት። አያ ማሩ ገመዱን ይዘው ለካ ለካ አደረጉላቸው፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ስድሳ፣ አንዱም አልጎደለም። አቶ ጓንጉል ንግግር አደረጉ። በመሆኑም ይህ ጎነ ሦስት የሚቀጥለው ዓመት እቅድ መነሻ እንደሚሆን፣ ክብ የሚባለው ቅርጽ እስከ ዛሬ አንድም ማዕዘን ሳይኖረው መቆየቱ እንደሚያሳዝን፣ በአዲሱ በጀት ዓመት ግን ቢያንስ በሁለት ለመጀመር መታሰቡን ገልጸው፣ ከዚህ አኳያም የሁሉም ድጋፍ እንዳይለያቸው ጠይቀው ተቀመጡ።

ጭብጨባው ሲበርድ ወይዘሮ ፈንታነሽ ጠመዝማዛው ጎን አጠገብ ቆሙ።

"ይሄኛው ለምንድን ነው እንዲህ የሚዞረው?" አሉ።

አቶ ጓንጉል ወደ ሙሉሰው ዞሩ። ሙሉሰው ሰማይ ሰማይ አየ። ጀሚላ ማመልከቻዋ በአቶ ጓንጉል ደረት ኪስ ውስጥ ብቅ ብሎ ይታያታል፤ ፊርማው ጠዋት አርፎበታል። ልጇ ታየቻት።

"እሱ ከእቅድ በላይ የተፈጸመው ጎን ነው" አለች። "የዞረው ትርፉ ነው።"

ወይዘሮ ፈንታነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ፤ ማስታወሻቸውን አውጥተው ቃል በቃል ጻፉት። "እንዲህ ነው እንጂ ማብራሪያ" አሉ። "ይህን የሠራው ማነው?"

አቶ ጓንጉል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቃላቸውን ጠበቁ። "እሷ ናት። መምህርት ጀሚላ ናት። ዝውውር ጠይቃለች፤ እኔ ፈርሜላታለሁ፣ የቀረው የእርስዎ ይሁንታ ነው" ብለው ማመልከቻውን ከኪሳቸው አወጡ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ አነበቡት። ሲያነቡም ፊታቸው እየተለወጠ ሄደ።

"አቶ ጓንጉል፣ ምን ነካዎት? እንዲህ ያለች ባለሙያ ይለቀቃል?"

"ልጇ ደብረ ታቦር ናት" አሉ አቶ ጓንጉል፣ ድምፃቸው እየቀነሰ።

"ልጅ ሁላችንም አለን። በዙሪያው ያሉት ትምህርት ቤቶች በሙሉ እዚህ እየመጡ ከእሷ ልምድ ይቀስማሉ። ማንም እንዳይነካት" አሉና ማመልከቻውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። "ደብረ ታቦር ያለው የሒሳብ ቦታ ግን ባዶ መቅረት የለበትም። ቢሄድ የማይጎዳችሁ ሰው የለም?"

አቶ ጓንጉል ዙሪያቸውን ተመለከቱ። የኮሚቴው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሰው አየ። ሙሉሰው ኮቱን አስተካከለ፤ ለአገር አገልግሎት እስከሆነ ድረስ ሒሳብም ቢሆን አስተምራለሁ ሲል ቃል ገባ፤ በዚያው በእንግዶቹ መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ልጆቹ በሰልፍ ቆመው አጨበጨቡለት።

ጀሚላ ኔትዎርክ ወደሚገኝበት የግቢው ጥግ ሄዳ ለየሱፍ ደወለች። ከስልኩ ውስጥ የሂክማ ሳቅ ይሰማል።

"ከለከሉኝ" አለችው።

"ለምን? ምን አጥፍተሽ?"

"ዘጋሁላቸው።"